ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰው አለ?



የምናወጋችሁ ነገር ከተፈጸመ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ እኛ ጠዋት ሉሕ ይዘን መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዘን የመንግሥት ትምህርት ቤት የምንመላለስ ሕፃናት ነበርን። መንደራችን ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ባሻገር በርበሬ የተዘራባት መንደር ናት። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወረቀት በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ያጣበቁ ሁለት ወጣቶች ወደ ግቢያችን ገቡ። አባታችን ገበያ ሄደዋል። እናታችን በሩ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው።

«እናት፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?»

«ሰባት» አሉ እናታችን።

እኛ ስምንት ነበርን።

«ከቤተሰቡ መካከል የታመመ፣ ጠባዩ የተለወጠበት፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው አለ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን።»

በዚህ መሐል ከእንሰቱ ጀርባ ካለችው ትንሽ ጎጆ የሰንሰለት ድምፅ ተሰማ። አንደኛው ወጣት አንገቱን ቀና አደረገ። እናታችን መሬት መሬት አዩ። ያን ጊዜ እኛ ልጆቹ ማንም ሳይጠይቀን በአንድ አፍ «ላሟ ናት!» አልን። ወጣቱ ጻፈ፤ አመስግነው ወጡ።

ላም አልነበረንም።

ጎጆው ውስጥ የነበረው ታላቅ ወንድማችን ነው። ጋሼ እንለው ነበር። ከቤታችን የመጀመሪያው ደረሳ እሱ ነበር፤ ፊቅህ ሊቀራ ከአገር ወጥቶ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሳይታሰብ በአጋማሽ ተመለሰ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ጎረቤት በሹክሹክታ ያማኛል ይል ጀመር። ኪታቦቹን አንድ በአንድ ለመንገደኛ አደላቸው። አንድ ሌሊት ላይ ተነሥቶ «እዚህ የቀበሩብኝ ነገር አለ» እያለ ግቢውን ሲቆፍር አደረ። የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ወዳጅ ዘመድ እያንዳንዱ የየራሱን ምክንያት አመጣ፤ ገሚሱ ጂን ነው አለ፣ ገሚሱ ዓይን ነው አለ፣ ገሚሱ ጫት ነው አለ። ያልተወሰደበት ቦታ የለም። አንዱ ቦታ ላይ ጭስ አጥነው በአለንጋ ገርፈው ሰደዱት። የዚያን ቦታ ስም አናነሳም፤ ጠባሳው ግን ዛሬም ጀርባው ላይ አለ።

ሰንሰለቱን ያሰሩት አባታችን ናቸው። ጋሼ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ የጭነት መኪና ለጥቂት ስቶት ነበር። አባታችን ያን ዕለት ብረቱን ከገበያ ይዘው መጡ፤ አሰሩትና መግሪብን ሰግደው እራት ሳይበሉ ተኙ። ይህንን የምንናገረው ድርጊቱን መልካም ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በጎረቤታችን በሶዶ ወረዳ ሕመምተኞቻቸውን የሚያስሩ ቤተሰቦችን አነጋግሮ ነበር፤ አብዛኞቹ የሚያስሩት ከጭካኔ ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላጡ፣ ልጁ እንዳይጠፋና ሰው እንዳይጎዳ ብለው መሆኑን ገልጿል። ስናነበው አባታችን ትዝ አሉን።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እነዚያ ሁለት ወጣቶች ማንም አላነሳም። ማን እንደሆኑ ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለመምህርነት ስንሠለጥን የሥነ ልቦና ትምህርት ነበረን፤ አንድ ቀን አስተማሪያችን ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ አደሉን። ርዕሱ ላይ ቡታጅራ የሚለውን ስም ስናይ ደነገጥን። የአገራችን ስም እንዲያ ባለ ወረቀት ላይ ይወጣል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፒዲሚዮሎጂ የሚባል የጥናት ዘርፍ አለ። ሐኪም ከፊቱ የተቀመጠውን አንድ ሕመምተኛ ይመረምራል። ይህ ዘርፍ ግን ሐኪም ቤት ያልመጣውንም ይፈልጋል፤ በአንድ አገር ሕዝብ ውስጥ አንድ በሽታ ስንቱን ያዘ፣ ወንዱን ነው ወይስ ሴቱን፣ ወጣቱን ነው ወይስ ሽማግሌውን፣ ከያዘውስ በኋላ ምን አደረገው ብሎ ይጠይቃል። ለአእምሮ ሕመም ይህ በተለይ አስፈላጊ ነው። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። እዚያ በር ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው የሚቆጥረው መሳፈሪያ ያለውን፣ የሚወስደው ዘመድ ያለውን፣ ሰው እንዳያየው ያልፈራውን ብቻ ነው። እንደ ጋሼ ያለውን ለማግኘት ቤት ለቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአካባቢው በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትንና ወደ ሌላ ቦታ መሄድን ሲመዘግብ ቆይቷል። በዚህ መሠረት ላይ እነ ዶክተር አታላይ ዓለም፣ እነ ዶክተር ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው የአእምሮ ጤና ጥናት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር ከ10,000 በላይ ጎልማሶችን 20 ጥያቄ ባለው አጭር መጠይቅ ጠየቁ፤ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ራስ ምታት አለ ወይ፣ ምግብ ይበላል ወይ፣ ሕይወትን መጥላት አለ ወይ የሚል ነው። 17.4 በመቶ የሚሆኑት ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ከአሥር ሰው ሁለት ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህንን ስናነብ ወደ መስጊድ ስንገባ ሰፍ ላይ የሚቆመውን ሰው ሁሉ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች በቤት ለቤት ምርመራ ታዩ። ከመጠይቁም ሌላ በየቀበሌው ያሉ አዋቂ ሰዎች «በሠፈሩ ጠባዩ የተለወጠ፣ ቤት የተዘጋበት ሰው ታውቃላችሁ?» እየተባሉ ተጠየቁ። የተጠረጠሩትን ደግሞ ሐኪሞች በዝርዝር መረመሯቸው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ሕመም ያለባቸው 321 ሰዎች ተገኙ። ስኪዞፍሬኒያ ሰው የሌለ ድምፅ እንዲሰማ፣ ያልተደረገውን ተደረገብኝ ብሎ እንዲያምን፣ ሐሳቡ እንዲበታተንና ቀስ በቀስ ከሰው እንዲርቅ የሚያደርግ ነው። ጽሑፉ የሚዘረዝራቸውን ምልክቶች ስናነብ የጋሼን ታሪክ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለን። የሚጀምርበት አማካይ ዕድሜ እንኳ ሃያዎቹ ውስጥ ነው።

68,378 የሚለውን ቁጥር ስናየው በእርሳስ ከጎኑ አንድ ጨመርንበት።

ከ321ዱ መካከል ቀድሞ ለሕመሙ የሚሆን ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ጥናቱ ቆጥሮ ብቻ አልሄደም። ሕመምተኞቹ የሚታከሙበትና በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች የሚሠሩበት ክፍል ቡታጅራ ከተማ ውስጥ እንዲኖር አደረገ። እንግዲህ ያን ቀን «ስምንት» ብለን ቢሆን ኖሮ ለጋሼ የሕክምናው በር በሃያ አንድ ዓመቱ ይከፈትለት ነበር። እኛ ግን ላሟ ናት አልን። መድኃኒቱ ከቤታችን የአንድ ገበያ መንገድ ርቆ ለዓመታት ተቀመጠ።

እናታችንን ለመውቀስ የሚቸኩል አንባቢ ቢኖር ይህንንም ይጨምርበት። እነ ዶክተር ተሾመ ሽብሬ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ በዚያው በቡታጅራ የ178 ሕመምተኞችን ዘመዶች ጠይቀው ነበር። 75 በመቶ የሚሆኑት በዘመዳቸው ምክንያት መገለል ይሰማቸዋል፤ 37 በመቶ የሚሆኑት ዘመዳቸው መታመሙ እንዳይታወቅ ይፈልጋሉ። ለመደበቅ ምክንያት ነበረን፤ ትልቋ እኅታችን ለጋብቻ ታጭታ ነበር። «እብድ ያለበት ቤት» ከተባለ ሽማግሌ አይመጣም። እናታችን አንዱን ልጃቸውን ደብቀው ሌላዋን ዳሩ። ሠርጉ ላይ ድቤ ሲመታ ጋሼ ጎጆው ውስጥ ሆኖ አብሮ ሲያዜም ሰምተናል።

ወደ ምክንያቱ እንመለስ። ጫት ነው የሚሉት ሰዎች ነገር በአካባቢያችን ቀልድ አይደለም፤ ይህ መጽሔት በሚነበብበት ብዙ ቤት ውስጥም አይደለም። በዚያው በቡታጅራ ስለ ጫት የተደረገው ጥናት ከተጠየቁት ጎልማሶች መካከል 50 በመቶ የሚሆኑት በወቅቱ ጫት ቃሚዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ከቃሚዎቹ 80 በመቶዎቹ የሚቅሙበትን ምክንያት ሲጠየቁ ለዱዓና ለኢባዳ ሐሳባችንን እንድንሰበስብ ብለው መልሰዋል። እኛም ሐድራ ላይ ጀበና ስናቀብል ያደግን ነን፤ መልሱ አልገረመንም። ነገር ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ከሁለት ጎልማሳ አንዱ ይቅማል፤ ስኪዞፍሬኒያ የያዘው ግን ከ1,000 ሰው አምስት እንኳ አይሞላም። ጫት ብቻውን ይህንን ሕመም የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ የወረዳው ግማሽ በሰንሰለት በታሰረ ነበር። ጫት የማይታወቅባቸው አገሮችም ሕመሙ አላቸው፤ ቁጥራቸውም ከእኛው ብዙ አይርቅም። ስለዚህ «በጫት ነው ያበደው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት አይቻልም።

ይህ ማለት ግን ጫት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ነገሩን የምናውቀው በቤታችን ነው። ሕመሙ ያለበት ሰው ሲቅም እንቅልፉ ይጠፋል፣ ጥርጣሬው ይብሳል። ሐኪሞቹም ለጋሼ መጀመሪያ የመከሩት እንዲተው ነው። ኢባዳን በጫት መደገፍ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለዑለማእ እንተወዋለን፤ የራሳችን አቋም ቢኖርም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ሌላ የሚያሳስበን ቁጥር አለ። ከተገኙት የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች መካከል ወንዶቹ ከሴቶቹ አምስት እጥፍ ያህል ነበሩ። በሌሎች አገሮች ጥናቶች ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰፋም። ሊቃውንቱ ለዚህ የየራሳቸው ማብራሪያ ይኖራቸዋል። እኛ ግን መደበቅን ከውስጥ ስለምናውቀው ሌላ ነገር ነው የታየን። ወንድ ልጅ ሲታመም መንገድ ላይ ይወጣል፤ ይጮሃል፤ ሰው ያየዋል። ሴት ልጅ ስትታመም ጓዳ ትገባለች። ዝም ያለች፣ ፊቷን የማትታጠብ፣ ከምድጃው የማትነሣ ልጅን «ጨዋ ናት፣ ዓይን አፋር ናት» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ስንቷ እንዲህ ታልፋ ይሆን?

መጠየቂያው መንገድ ራሱ መልሱን እንደሚለውጥ የሚያሳይ ከዚሁ ከአገራችን የተገኘ ታሪክ አለ። በደቡብ በከብት አርቢዎቹ በቦረናዎች ዘንድ ከ1,800 በላይ ሰዎች በዓለም አቀፉ መጠይቅ ተጠየቁ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታተም አንድም የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ አልተገኘም ተባለ። ዓለም ሁሉ ያለበት ሕመም ቦረና ላይ ሲደርስ ይቀራል? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ስላልተዋጠላቸው ተመልሰው ሄዱ። በሁለተኛው ጉዞ የአገሩን ሽማግሌዎችና አዋቂዎች አስቀምጠው «እናንተ እብደት የምትሉት ምን ዓይነት ነው? ማንን ይዟል?» አሉ። ያን ጊዜ ሕመምተኞቹ ተገኙ። ይህም እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ሰውን «የሌለ ድምፅ ይሰማሃል?» ብለው ቢጠይቁት አይሰማኝም ይላል። ጎረቤቱን «ማን ነው ሜዳ ለሜዳ የሚዞረው?» ቢሉት ግን ያውቃል። መምህር የሆነ ሰው ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል፤ «ያልገባው አለ?» ብለን ስንጠይቅ እጅ የሚያወጣ ተማሪ አይተን አናውቅም።

አሁን ጋሼን ወደ ሕክምና የወሰድንበትን እንናገር። ያንን ጽሑፍ ይዘን ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ አባታችን መስማት አልፈለጉም። «ይህ የጂን ነገር ነው፤ መርፌ ምን ያደርግለታል?» አሉ። እኛም ልጅ ሆነን ያስቀሩንን ሼኽ ዘንድ ሄድን። ሼኻችን ዛሬ በሕይወት የሉም፣ አላህ ይዘንላቸው። ወረቀቱን አንብበን በቃላችን አስረዳናቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዚያችን ጥቁር ሴት ታሪክ ጠየቁን። ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) የሰሙት ነው። ሴቲቱ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ስወድቅ ገላዬ ይገለጣልና ዱዓ ያድርጉልኝ አለች። ታግሣ ጀነትን ከማግኘትና ለመዳን ዱዓ ከማስደረግ እንድትመርጥ ነገሯት፤ ትዕግሥቱን መረጠች፣ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ አስደረገች።

«ከዚህ ምን ተማራችሁ?» አሉን ሼኻችን።

«ትዕግሥትን» አልን፣ እንደለመድነው።

«እሱስ ነው። ግን ሌላም አለ። ኢብን ዐባስ ለዐጣእ በጣታቸው ነው ያሳዩአቸው። እይ፣ ያቺ ናት ብለው። ሴቲቱ በሰው መሐል ትሄድ ነበር፤ ጎጆ ውስጥ አልተቆለፈባትም። እናንተ ወንድማችሁን ለማን አሳያችሁት?»

መልስ አልነበረንም። እሳቸውም ከዘራቸውን አንሥተው ከእኛ ጋር ወደ ቤታችን መጡ። ለአባታችን የነገሯቸው አጭር ነበር። «ሩቅያውን እኔ እቀራበታለሁ፣ መርፌውን እነሱ ይውጉት። ሁለቱም ከአላህ ነው። በሽታን ያወረደ መድኃኒቱንም አውርዷል ተብለናል፤ ፈልጉ የተባልነውን ሳንፈልግ ቀረን ብለን ነገ ምን እንመልሳለን?» አባታችን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸውን ያን ጊዜ አወጡት፤ ልጁ ሰላት ትቷል፣ ወንጀሉ በማን ነው? ሼኻችንም አእምሮው የታወከ ሰው እስኪድን ድረስ ብዕሩ ከእሱ የተነሣ መሆኑን አስታወሷቸው። አባታችን ይህንን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ሰው እንዲነግራቸው ይፈልጉ ነበር መሰለን። በማግሥቱ ብረቱን ራሳቸው ፈቱት።

የሕክምናው ነገር እንደ ተረት አንድ ቀን መጥቶ የሚያበቃ አይደለም። መጀመሪያ የተሰጠው መድኃኒት እጁን አንቀጠቀጠው፣ ምራቁን አዝረከረከው፤ ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ሌላ ጨመረለት። በኋላ በወር አንዴ የሚወጋው መርፌ ተስማማው። አንድ ረመዷን ላይ ልጹም ብሎ ኪኒኑን ተወና ሸዋል ሳይጋመስ ታመመ። በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሙ ኪኒኑን በማፍጠሪያና በሱሑር ሰዓት እንዲወስድ አስተካከለለት፤ ጾመ። ይህንን የጻፍነው ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ቤተሰቦች መድኃኒቱን በራሳችሁ ከመተው አስቀድማችሁ ሐኪሙን እንድትጠይቁ ነው። የቀድሞ ሙስሊሞች ይህንን ከእኛ የተሻለ ያውቁት እንደነበር በኋላ ተምረናል። በ322 ሒጅሪያ ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና አንድ ላይ ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ የተጠናቀቀው የመንሱሪ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕመምተኞች ክፍል ነበረው።

ጋሼ እንደ ድሮው አልሆነም። በዓለም ላይ ለብዙ ጊዜ ሲባል የኖረ አንድ ነገር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዘጠኝ አገሮች ያስጠናው ጥናት በደሃ አገሮች ያሉ የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች ከሀብታሞቹ አገሮች ይልቅ ይሻላቸዋል የሚል ነበር። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፣ ሰው አይተዋቸውም ተብሎ። ደስ የሚል አባባል ነው፤ እኛም ብንኮራበት በወደድን። የቡታጅራው ጥናት ግን ሕመምተኞቹን በአማካይ ከ3 ዓመት በላይ ሲከታተል 30.8 በመቶዎቹ ሕመሙ ሳይለቃቸው ቆይቷል፤ ሙሉ ለሙሉ በሚባል ደረጃ ደህና ሆነው የቆዩት 5.7 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት መጣ ሄደ የሚላቸው ናቸው። ጋሼም ከእነዚህ ነው። ሰፊ ቤተሰብ ነበረን፤ ሰፊው ቤተሰብ ግን የደበቀውም እሱ ነው።

ይበልጥ ያስፈራን ሌላው ነው። እነ ዶክተር አበባው ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ከዚያው ቆጠራ የተገኙ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎችን ለ10 ዓመት የተከታተለውን ጥናት ውጤት አውጥተዋል። 121ዱ ሞተዋል። ይህ በአካባቢው ካለው ሌላ ሰው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነው፤ ዕድሜያቸውም ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀንሶባቸዋል። የገደላቸው ምንድን ነው ቢባል፣ ራስን ማጥፋትና አደጋም አለበት፤ ግማሽ ያህሎቹ ግን የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነው። ሰው ሁሉ በሚታከመው በሽታ ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ለመገመት አይከብደንም። ጋሼ ታስሮ ሳለ አንድ ክረምት ሙሉ ሲያስል ከርሟል። ማንም ሳንባውን ይመርመር አላለም። «እብድ ነው፣ ብርድ ላይ ስለሚተኛ ነው» ተባለ። አላህ አተረፈው። አሁን ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ይዞት የሚሄደው ሰውም ነርሷ ፊት ቆሞ «ብቻውን ያወራል እንጂ ትኩሳቱ እውነት ነው» ብሎ መናገር አለበት። ተደርጎ የሚያውቅ ስለሆነ ነው።

አባታችን ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፈዋል። እኅቶቻችን በየትዳራቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ሄደን ሳለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገቧን ይዛ መጣች። የመንደራችን ልጅ ናት፤ ያኔ አልተወለደችም።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ቤት ውስጥ ስንት ሆናችኋል?»

እናታችን ጣታቸውን ዘረጉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ሲቆጥሩ ይቆያሉ። እኛም እንደ ልጅነታችን በሩ ጥግ ቆመን አፋቸውን አፋቸውን አየን።

«ትልቁ ልጄ አለ፣ እኔ አለሁ። እነዚህ እንግዶች ናቸው፣ አትጻፊያቸው።»

«የታመመ አለ?»

«እሱ ነዋ፣ ትልቁ። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው። አሁን የለም፤ መስጊድ ሄዷል፣ ኩስኩስቶቹን ውኃ ሊሞላ።»

ልጅቷ ጻፈች።